ስለ ዘጠኙ ደቂቃዎች የተሰጠ ማብራሪያ

ሚያዝያ 27 ቀን

«ውድ አመልካች፤ ሚያዝያ 14 ቀን በተካሄደው ሁለተኛው የተቀናጀ ጤና ምርምርና የገንዘብ ድጋፍ የበይነ መረብ ስብሰባ ላይ ከስልሳው ደቂቃ ዘጠኙን ከካሜራ ፊት እንዳልነበሩ ከመዝገባችን ተረድተናል። በቅጹ ላይ የሞሉት ‹የግል ጉዳይ› የሚል ምክንያት በቂ ሆኖ አልተገኘም። ዝርዝር ማብራሪያ በጽሑፍ ካላቀረቡ ግንቦት 12 ቀን በሚካሄደው ሦስተኛውና የመጨረሻው ስብሰባ መሳተፍ አይችሉም፤ ማመልከቻዎም ከውድድር ውጪ ይሆናል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ለትብብርዎ ከወዲሁ እናመሰግናለን። የስብሰባዎች አስተባባሪ።»

ልጄ፣

ከላይ ያለውን ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከሥሩ ያለውን ስም ብቻ ትቼዋለሁ፤ ያንቺ ነው። ያንን ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ እናትሽ ሌላ መርጣ ነበር፣ ሦስት ቀን ተከራክሬ ረታኋት። «ውድ አመልካች» ከሚል ደብዳቤ ሥር አየዋለሁ ብዬ ግን አልገመትኩም ነበር።

አውቃለሁ፣ ደብዳቤውን የሚልከው ማሽን ነው። ቁጥሩንና ደቂቃውን ራሱ ይሞላል፤ ስምሽንም ራሱ ይለጥፋል። ሠላሳ ዓመት ስታቲስቲክስ ያስተማረ ሰው ይህን አያጣውም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ከማሽን አልመጣም። ስድስት ደቂቃ የጎደለበት አንድ ባልደረባዬም ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሶታል፤ ተውሼ ከኔው ጋር መስመር በመስመር አመሳከርኩት። የሱ ላይ «ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው» የሚል የለም። ይህቺን ለኔ ብለሽ በእጅሽ ነው የጨመርሻት።

ዓረፍተ ነገሯ ደግሞ የኔ ናት። ወረቀት ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም ተጽፋ፣ በቢሮዬ በር ላይ ተለጥፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። አንቺም ከሥሯ ቆመሽ አልቅሰሻል፤ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ሳለሽ የቤት ሥራሽን አራት ደቂቃ አሳልፈሽ ብታመጪ ዜሮ የሰጠሁሽ ቀን። ከትምህርት መልስ ሦስታችንም በአንድ መኪና ወደ ቤት ሄድን። እናትሽ ከኋላ ወንበር ሆና ምን እንዳለች ታስታውሻለሽ? «ዳኛ አግብቼ ዳኛ ወለድኩ፤ እኔ ብቻ ተከሳሽ ሆኜ ቀረሁ።» አንቺ ዕንባሽ ሳይደርቅ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም። መኪና እየነዳሁ ነበር።

ስለዚህ የቁጣዬ ግማሽ ያንቺ እንዳልሆነ አውቄ ነው የምጽፈው። ግማሹ ግን ያንቺ ነው፤ ትቀበይዋለሽ።

ዝርዝር ማብራሪያ ጠይቃችኋል። ቅጹ ላይ ያለችው ሳጥን ሃምሳ ቃል ብቻ ነው የምትይዘው፤ የኔ ነገር በሃምሳ ቃል አላልቅ አለ። በኢሜይል ብልከው ደግሞ መዝገብ ቁጥር ወጥቶለት ሦስት ሰው ያነበዋል። ለዚህ ነው በወረቀት፣ በፈጣን መልእክት፣ ወደ ቤትሽ አድራሻ የላክሁት።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ስለ እናትሽ ጤና ላንቺ ምንም እንዳልጽፍ ምያለሁ። እሷ ናት እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ያስማለችኝ። መሐላዬን አላፈርስም። ይህ ደብዳቤ ስለ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነው። ደቂቃዎቹን ሳስረዳ እናትሽ መሀል ላይ ብትገባ፣ ቤቱ የሷም ስለሆነ ነው።

የማመልከቻው ጉዳይ የዩኒቨርሲቲያችን ሆስፒታል ምድር ቤት ያለችው ክፍል ናት። አንቺ የምታውቂያት የአንሶላ መጋዘን ሳለች ነው። አሁን አራት አልጋ፣ አንድ ረጅም መስታወትና ወፍራም ምንጣፍ አላት። የካንሰር መድኃኒት እጅና እግራቸውን ያደነዘዘባቸው፣ መርገጥ እንደ ፍም የሚያቃጥላቸው ሃያ ስድስት ሰዎች በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይታሻሉ፣ ቀስ ብለው መንቀሳቀስ ይለማመዳሉ፣ መተንፈስ ይማራሉ። እኔ እቆጥራለሁ፤ ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው፣ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ስንት እርምጃ ሄድሽ። እናንተ የተቀናጀ ጤና ምርምር የምትሉት እኛ ጋ ይኸው ነው። አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር አለ፤ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጫማውን ክር ራሱ አሰረ። ከዚያ ፈታውና እንደገና አሰረው፤ አላመነማ! የያዝነው ድጋፍ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ክፍሏ ወደ አንሶላዋ ትመለሳለች። ቀጣዩን ድጋፍ የሚሰጠው ያንቺ መሥሪያ ቤት ነው። ለመወዳደር ሦስቱንም ስብሰባ ካሜራ ከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተል ግዴታ ነው። እስከዚህ ክርክር የለንም።

እናትሽ ከሃያ ስድስቱ አንዷ አይደለችም። የአጥኚ ቤተሰብ ጥናት ውስጥ አይገባም፤ ይህንንም ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሷ እግር ከብዙዎቹ ብሶ ሳለ ሁለት ዓመት ከዚያች በር መለስኳት። ታካሚዎቹ «ባለዘይቷ» የሚሏት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያችን ከሥራ መልስ እየተደበቀችኝ ቤት ድረስ መጥታ ስታሻት ኖራለች። አንሶላው ላይ የዘይት ምልክት አይቼ ያዝኳቸው። ባለዘይቷን ለምን አልነገርሽኝም ብላት «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የሠርግ መጥሪያም በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ፤ ማን ደፍሮ ይነግርዎታል?» አለችኝ። «ውጤቱን መዝግበሻል?» አልኳት። «መዝግቤያለሁ» አለች። «ተኝታለች።»

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያስገባሁ ዕለት ደውዬ፣ ውሳኔው እስኪታወቅ ድረስ እንዳንነጋገር ያልኩሽም እኔው ነኝ። ማንም ተነሥቶ «አባቷ ስለሆነ ነው» እንዳይል። «እሺ አባዬ፣ እማዬንስ?» አልሽኝ። «እናትሽ የምትኖረው አመልካቹ ቤት ነው» አልኩሽ። «ገባኝ» አልሽ። ይኸው አራት ወር ሆነ። አንድ ቀን ቃልሽን አላፈረስሽም። እንዲህ አድርጌ በማሳደጌ ልኮራ ይገባኝ ነበር። ሞክሬያለሁ።

እናትሽ ግን ቀዳዳ አታጣም። መጋቢት 16፣ የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ከረባት አስሬ ተቀመጥኩ።

«የምትመራው እሷ ናት አይደል?» አለችኝ።

«ማን?»

«አንተ ሰውዬ አታድርቀኝ! ልጄ ናታ።»

ወንበሯን እየጎተተች አምጥታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ካሜራው ከማያያት ቦታ ቁጭ አለች። አንቺ «ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ» ስትይ «እንኳን ደህና ቆየሽኝ የኔ እናት» አለች። «እባካችሁ ማይክሮፎናችሁን ዝጉ» ስትይ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳቄ መጣ፤ በሳል አሳለፍኩት። «ፊትህን ፈታ አድርገው» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «ገንዘቡን የሚከለክሉህ ይህን ግንባርህን አይተው ነው።» እንግዳው ተናጋሪ አርባ ደቂቃ ሙሉ በሽተኛን እንደ ሙሉ ሰው ስለማየት፣ አካሉን ከመንፈሱ ከቤተሰቡም ሳይነጥሉ ስለማከም ሲያብራራ፣ እሷ የምትጠብቀው ንግግሩ አልቆ አንቺ እስክትመለሽ ነበር። ስብሰባው ሲዘጋ «ጉንፋን ይዟታል» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«አንተ ቁጥር ስትሰማ እኔ ድምፅ እሰማለሁ። ቀጣዩ መቼ ነው?»

ቀኑን ስነግራት ተነሥታ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በሰማያዊ እስክሪብቶ አከበበችው። የሦስተኛውንም ጠየቀችኝና እሱንም አከበበች።

አሁን ወደ ሚያዝያ 14።

ስብሰባው በሰዓቱ ተጀመረ። ያን ቀን ወንበሩ አልተመቻትም፤ በሮቹን ሁሉ ከፍቼ፣ የኮምፒውተሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ለቅቄላት አልጋዋ ላይ ሆና ነበር የምታዳምጠው። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ አንቺ የጥያቄና መልሱን ሥርዓት ስታስረጂ፣ ከመታጠቢያ ቤት ባልዲ ሲንከባለል ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያስነሣኝ ባልዲው ሳይሆን ጸጥታው ነው።

አንደኛው ደቂቃ። መታጠቢያ ቤት ደረስኩ። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ አንዱ ነጠላ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው፣ አንዱ በሩ ጋ ሄዷል። «ወደቅሽ?» አልኳት። «አልወደቅኩም፣ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ነው የጠፋው» አለች። ከዚያ ደግሞ፦ «ስብሰባህን ጥለህ መጣህ? ሂድ፣ ዜሮ ትሰጥሃለች!»

ሁለተኛው ደቂቃ። አነሣኋት። እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። ደቂቃው እንኳ አልሞላም። እኔ ወገቤን የሚያመኝ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። ቁም ሣጥን ብቻዋን ከግድግዳ ግድግዳ የምትገፋ፣ አንቺን አዝላ አራት ፎቅ የወጣች ሴት በአንድ ክንዴ ተነሣች። ሌላው እጄ ሥራ ፈትቶ በሩን ያዘ። ስለ ጤናዋ አልጽፍም ብያለሁ። ይህ የጻፍኩት ስለ ክንዴ ነው።

ሦስተኛው ደቂቃ። ወደ መኝታ ቤት ልታጠፍ ስል የሸሚዜን አንገት ያዘችኝ።

«ወደዚያ አይደለም።»

«ታዲያ ወዴት?»

«ወደ ድምፁ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሁለት እርምጃ ብቀጥል ካሜራው ውስጥ እንገባለን፤ ሁለት መቶ ሰው ፊት አንቺ ታይኛለሽ፣ ክንዴ ላይ ያለችውንም ታያለሽ። እሷም ገብቷታል። «እንዲህ ሆኜ እንዳታሳየኝ» አለች። ስለዚህ ካሜራው እስከየት እንደሚያይ በዓይኔ አሰላሁ፤ የግድግዳው ጠርዝ ጋ፣ ምልክት ቢደረግ ኖሮ ከመስመሩ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ወለሉ ላይ ታቅፌያት ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኩት ትምህርት ለቤቴ የሠራልኝ ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ከአራተኛው እስከ ዘጠነኛው ደቂቃ እዚያው ተቀምጠን አንቺን ሰማን። የመጨረሻው ማመልከቻ ስንት ገጽ መሆን እንዳለበት ተናገርሽ። የፊደሉን መጠን ተናገርሽ። አባሪዎች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያያዙ ሁለት ጊዜ ደጋገምሽ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ትነቀንቅ ነበር፣ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እንደማለት። አንድ ሰው ችኩል ጥያቄ ጠየቀሽ፤ «አልረሳሁዎትም፣ እመለሳለሁ» አልሽው።

«ሰማህ?» አለችኝ። «እመለሳለሁ አለች።»

«ለጥያቄው ነው» አልኳት።

እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ታውቂኛለሽ።

ከዚያ አልጋዋ ላይ አስተኝቻት ተመለስኩና ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ። መዝገባችሁ ስህተት የለበትም። ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ እኔም በግድግዳው ሰዓት ይዤዋለሁ። ወንበሬ ባዶ ነበር። ግን ያን ዕለት ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንዲት ቃል ሳታመልጣት ያዳመጠችሽ እሷ ናት፣ የሷ ስም ደግሞ መዝገባችሁ ላይ የለም።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ያለውን አልጽፍም። ያልማልኩበትን ልጻፍ። ቀጠሯችን ድሮ በየሦስት ወሩ ነበር፤ ቀኑም ካርዱ ላይ ይጻፍ ነበር። አሁን ካርዱን ባዶውን መለሰልን። «በፈለጋችሁ ሰዓት ኑ፤ ስልኬንም ያዙት» አለ። የገዛ ስልኩን! ሰውየውን አሥራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ፣ ለኔ ለባልደረባው ሰጥቶኝ አያውቅም። ተቆጣሁት። ቀን የሌለው ቀጠሮ ምን ዓይነት ቀጠሮ ነው ብዬ ኮሪደሩ እስኪሰማ ጮኽኩበት። መኪናው ውስጥ ስንገባ እናትሽ ቀበቶዋን እንዳስርላት እየጠበቀች «አትቆጣው» አለችኝ፤ «ቀን ቢያጣ ነው።»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እኔ ነኝ የማስተምረው። እያወቅሁት ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ስልክ እደውላለሁ፣ ፋይል አደራጃለሁ፣ ባልዲውን አንሥቼ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እዚያው እመልሰዋለሁ።

ባለዘይቷ አሁን በየቀኑ ትመጣለች፤ መደበቁም መጠየቁም ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ልሸኛት ስወጣ በር ላይ ቆመችና «ጋሼ፣ ልጅዎን ይጥሩ» አለችኝ።

«ከአስተባባሪዋ ጋር በግል ከተነጋገርኩ ማመልከቻው ይሰረዛል። ሃያ ስድስት ሰው ነው።»

«በረንዳ ላይም ቢሆን እንሠራለን።»

«በረንዳ ላይ አይሆንም።»

«አይሆንም» አለች። ቦርሳዋን ከትከሻ ትከሻ አዛወረች። «ቢሆንም ይጥሩ።»

እናትሽ ዘንድ ነገሩን በዘዴ ባነሣው አልሰማ አለች። «ያ ሾፌር እግሩ እንደገና ሲቃጠል ለማን አቤት ይበል? ልጅቷ ሥራዋ ላይ ናት፣ አትንካት። ግንቦት 12 ድምፅዋን እሰማለሁ፤ ይበቃኛል» አለችኝ። ከሥራ ስገባ በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ፈቀዱልህ?» ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ቀኑ ነው። አምስት ቀን «ገና ነው» እያልኩ ዋሽቻታለሁ፤ በሕይወቴ ለአምስት ቀን በተከታታይ ዋሽቼ አላውቅም። ከስብሰባው ስታስወጡኝ የምታስወጡት አንድ ሰው መስሏችኋል። ሁለት ነን።

ዓርብ ዕለት ቢሮ ሄጄ ያቺን ወረቀት ከበሩ ላይ ላነሣት ሞከርኩ። ሙጫው ከእንጨቱ ጋር ተዋህዷል። በጥፍሬ ስፍቅ አንድ ተማሪ አየኝና «መምህር፣ ልርዳዎት?» አለኝ። «ክፍልህ አይጀምርም እንዴ? ሂድ፣ ረፍዷል» ብዬ አባረርኩት። ግማሿ ተቀዳደደች፤ ግማሿ እዚያው አለች።

ይህ ደብዳቤ ራሱ ደንብ ይጥሳል። አንቀጽ ሰባትን አንብቤዋለሁ፤ አመልካች ለአስተባባሪ በግል መጻፍ አይችልም። ለአለቆችሽ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው፤ ታሳውቂያለሽም፣ እንዲያ ነው ያሳደግሁሽ። ቀጥሎ ምን አድርጊ እንደምልሽ ግን አላውቅም። ይህን መስመር አምስት ጊዜ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ። አስገቢኝ ብልሽ ያስተማርኩሽን አፍርሺ ማለቴ ነው። ተይው ብልሽ ሃያ ስድስቱን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ? ሦስተኛውን ቃል ደግሞ እንዳልጽፈው ምያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ስነግር የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ልጄን ምን ብዬ እንደምለምናት ጠፍቶኝ ተቀምጫለሁ።

እናትሽ ይህን መጻፌን ብታውቅ ኖሮ ወረቀቱን ነጥቃኝ ጠርዙ ላይ ሁለት መስመር ትጨምርልሽ ነበር። እኔ ልጨምርላት፦ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ድምፅሽ ጠርቷል፣ ጉንፋኑ ለቅቆሻል ብላለች። አንገትሽን ግን ሸፍኚ። የጀመርሽው ይሙላልሽ፣ ያሰብሽው ይሳካልሽ፤ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ወሬ፣ እንደኔ ካለ ደረቅ ሰው ፍርድም ይሰውርሽ። መንገድሽ ይቅና።

ከላይ የቀረበው ማብራሪያ በቂ መሆን አለመሆኑን የሚገልጽ መልስ በጽሑፍ፣ እስከ ዓርብ ግንቦት 8 ቀን ድረስ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። ቀኑ ያለፈበት መልስ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። በፖስታ የማይደርስ ከመሰለሽ በእጅ ማምጣት ይፈቀዳል።

አባትሽ